የአስካለ እጅ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ

ስለ ጅቡቲ ባሕር ልታነቡ የጀመራችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሳምንት ሙሉ ቆይቼ ባሕሩን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ያውም እየሮጥኩ። እኔ የሄድኩት ለእህቴ እጅ ነው፤ የምነግራችሁም ስለ እሱ ነው።

ታናሽ እህቴ አስካለ ድሬዳዋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። የሷን መርፌ ያልቀመሰ የሙሽራ ቀሚስ በሰፈራችን የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ጣቶቿ ያብጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት እጇ ተጨብጦ ይቀርና እስከ ረፋድ አይፈታም። እኔ ደግሞ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ ሰፈሩ «ሲስተር ዘነበች» ይለኛል። ያልወሰድኳት ቦታ አልነበረም። አንዱ ሐኪም «ብርድ መቷት ነው» አለን። በድሬዳዋ ሙቀት፣ ብርድ! ሌላው «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዪ» አላት፤ እሷ ሥጋ የምታየው ለፋሲካ ነው። ሦስተኛው ሐቀኛ ነበር። «ይህን የሚያየው የመገጣጠሚያ ሐኪም ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ የለም» አለን። አዲስ አበባስ ስለው ወረፋውን አስቦ ራሱን ነቀነቀ።

ስኳር የለም ሲሉኝ እሺ ብዬ እሄዳለሁ። ሰው የለም ሲሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። ልጇን እኛ ዘንድ የምታስከትብ አንዲት የጫት ነጋዴ ጉዳዩን ሰምታ፣ «ጅቡቲ በዓመት አንድ ሳምንት ከባሕር ማዶ የመገጣጠሚያ ዶክተር ይመጣል፤ የፊታችን ሰኞ ሥራ ይጀምራል» ስትለኝ፣ ፈቃድ ጠይቄ፣ ተከልክዬ፣ እንደገና ጠይቄ፣ ተነሣን። ጥር 1996 ዓ.ም. ነበር፤ አሮጌው ባቡር ገና ይሄድ ነበር።

እሑድ

ባቡሩ ማለዳ ይነሣል ተብሎ ረፋድ ላይ ተነሣ። የያዝነው አንድ ሻንጣ፣ ዳቦና አንድ ጀሪካን የድሬ ውሃ ነው። ጀሪካኑን ያስያዘችን ያቺው የጫት ነጋዴ ናት፤ የጅቡቲ ውሃ ጨው ጨው ስለሚል ለባለቤቶቹ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም ብላ።

የፉርጎው ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ብረቱን ጨብጦ ራስን መሳብ ይጠይቃል። አስካለ ብረቱን አየችው፤ ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የሆነ ነገር የጠፋባት መሰለች። ሰው ሁሉ እየገፋ ሲገባ እሷ ትበረብራለች። ምንም አልጠፋባትም። እጇ እንደማይጨብጥ ሰው እንዳያይባት ነው። እህቴ እንዲህ ናት፤ ሕመሟን እንደ ተቀደደ ገበር ወደ ውስጥ ትሰፋዋለች። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት አንዲት ግዙፍ የቲማቲም ነጋዴ ከኋላ መጥታ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቦርሳሽን እዚያው ላይ ትፈትሺዋለሽ!» ብላ በብብቷ አንሥታ ወረወረቻት።

የወረወረቻት ቲማቲሙ ላይ ነበር። አዲስ የለበሰችው ነጭ ቀሚስ በስተኋላ በኩል ቀይ ሆነ። አስካለ ካሣ ልክፈል ብላ ስትለምን ሴትዮዋ ሳቀች። «ቲማቲሙስ ለወጥ ነው፣ መፈጨቱ አይቀርለትም፤ ያሳዘነኝ ቀሚስሽ ነው።» ከዚያ ሽርጧን ፈትታ አለበሰቻት፤ እስከ ጅቡቲም አልተቀበለቻትም።

አዲጋላ ላይ ሞተሩ ደከመና ቆምን። አይሻ ላይ ደግሞ ለምን እንደቆምን የነገረን የለም። ነፋሱ አሸዋውን እያነሣ ጆሮ ውስጥ ይከታል። ሰው ሁሉ ወርዶ በፉርጎው ጥላ ተደረደረ፤ ያለው ለሌለው አካፈለ፤ እኛም ዳቧችንን አውጥተን በቲማቲም በላን። ደወሌ ላይ ወረቀታችን ታየ። ጅቡቲ የገባነው ጀምበር ስትጠልቅ ነው።

ጣቢያው ላይ እትዬ ብዙነሽ ይጠብቁናል። የእናታችን የአክስት ልጅ ናቸው። አባታቸው ባቡር ላይ ሠርተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸው እዚያው የተወለዱ፣ ኢትዮጵያን ለልቅሶና ለሠርግ ብቻ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር በሰማያዊ ቀለም የተቀባ የሳንቃና የቆርቆሮ ቤት አላቸው፤ ከፊት ለፊቱ ሦስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት። ፊታቸው ሙሉ፣ ጉንጫቸው ቀይ ነው። «ጅቡቲ ተመችቶዎታል!» አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነርሷ ነኝ፤ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ጀሪካኑን ሲያዩ ሳሙት። «ዋላሂ፣ ዛሬ ሻይ እንደ ሻይ እንጠጣለን!» ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ዋላሂ የማይል ሰው በሰፈሩ የለም።

ሰኞ

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ጎህ ሲቀድ ደረስኩ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ሳይሆኑ ድንጋዮች ነበሩ፤ ድንጋይ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ሙዝ። ወረፋ ነው። አንድ ሽማግሌ ሶማሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ምርኩዛቸውን ይቀምሳል። እኛም አገር ወረፋ በድንጋይ ይያዛል፤ ስለዚህ አገሩ አገሬ መሰለኝ። ድንጋይ ባጣ ግራ ጫማዬን አስቀመጥኩና ሦስት ሰዓት እስኪሆን በአንድ እግሬ ሳነክስ ቆየሁ። አንዲት የአፋር ሴት ለጉልበቴ የመጣሁ መስሏት ቦታዋን ልትለቅልኝ ፈልጋ ነበር። በመጨረሻ ለማክሰኞ ቁጥር ሰጡኝ።

ስመለስ ከተማው ጫቱን ሊቀበል ይተራመሳል። ጫቱ ከገባ በኋላ መዝጊያው ሁሉ ይዘጋል፤ እስከ አመሻሽ ድረስ መርፌ እንኳ የሚሸጥልህ አታገኝም። ድሬም ይቃማል፤ ግን እኛ እየሠራን ነው የምንቅመው ብዬ ለአገሬ ተከራከርኩ። እትዬ ብዙነሽ ሳቁብኝ።

ቤት ስገባ ግን ሌላውን ሁሉ ረሳሁት። አስካለ ቆማ ሳህን ታጥባለች! ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ፀጉሯን ራሷ ሠርታለች። «ምን ተገኘ?» አልኳት። «እንጃ፣ ቀለል ብሎኛል።» እትዬ ብዙነሽ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው፣ «የባሕር አየር ነው» አሉ።

አመንኩ። ከላሆህ ጋር ዓሣ በላን፤ ላሆህ የኛ እንጀራ ታናሽ ወንድም ነው፣ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ የተሞላቀቀ። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ማክሰኞ

እትዬ ብዙነሽ አስካለን እንደ ሙሽራ አዘጋጇት። የራሳቸውን የሐር ሻሽ አሰሩላት፣ ሽቶ ረጩባት። «የሰው አገር ሐኪም ፊት ተጎሳቁለሽ አትቀርቢም፤ እኛንም ታሰድቢያለሽ» አሉ።

ዶክተሩ ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ ሰው ነው። አጠገቡ የሐኪም ቤቱ ወጣት ሐኪም ሁሴን ተቀምጧል። ሁሴን የጅቡቲ ልጅ ነው፤ ግን ልጅነቱን ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ እየተመላለሰ ስላሳለፈ አማርኛው የኛው ነው። አስተርጓሚ አገኘን ብዬ ፈነደቅሁ።

«ኮማን ሳ ቫ፣ ማዳም?» አለ ዶክተሩ።

ሁሴን፣ «እንዴት ነሽ? ይልሻል» አላት።

አስካለ ከወንበሩ ብድግ ብላ እጅ ነሣች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና ነዎት? ልጆችዎ ደህና ናቸው?»

ሁሴንም አንድ ቃል ሳያስቀር ተረጎመው። ዶክተሩ ደስ አለው፤ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ነገራት። ከዚያ ጣቶቿን ይዞ አያቸው። አላበጡም። አጠፋቸው፣ ታጠፉ። የሆነ ነገር ጻፈ። ሁሴን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ድካም ነው ይላል። ሥራ ቀንሺ፤ ቫይታሚን ጽፎልሻል» አለ።

«ምን ድካም! ሁለት ዓመት ነው እኮ! ትናንት ወዲያ ባቡር መሳፈር አልቻለችም!» ብዬ ጮህኩ። የሐኪም ቤቱ ነርስ በሩን ከፍታ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች። ገብተን የወጣንበት ጊዜ ሻይ አያስጠጣም።

ውጭ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር፣ «ለምን ደህና ነኝ አልሽው?» አልኳት።

«ምን ልበለው? ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ... ደግሞ ዛሬ እውነት አላመመኝም። እትዬ የሰጡኝ ክኒን ሳይሆን አይቀርም።»

«የምን ክኒን?»

ሦስት ነበሩ። ትናንት ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ። እኔ በአንድ ጫማ ቆሜ ወረፋ ስጠብቅ፣ ትንሽ ነጭ ክኒን፣ ከማዕከላዊ ገበያ በወረቀት ተጠቅልላ የምትሸጥ። ቤት ደርሼ ሳያት አወቅኋት፤ ኮርቲዞን የሚሉት ዓይነት ናት። እብጠትን እንደ ምንጣፍ ትጠቀልለዋለች፤ በሽታው ግን ሥር ሆኖ መብላቱን አይተውም። ሐኪሙ ያየው የተጠቀለለውን ነው።

እንግዳ መሆኔን ረሳሁ። በሴትዮዋ ቤት፣ የሴትዮዋን እንጀራ በልቼ፣ በሴትዮዋ ላይ ጮህኩ። «አጠፏት! ሁለት ዓመት የለፋንበትን በሦስት ክኒን አጠፉት!»

እትዬ ብዙነሽ ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ ለክፋት መሰለሽ? እኔ በዚች ክኒን አይደል ስንት ዓመት የቆምኩት። ጉልበቴ፣ እጄ... ያለሷ ድስት አላነሣም። ለራሴ የማልሰጣትን አልሰጠኋትም።»

ያን ጊዜ አየኋቸው። የሞላው ፊት፣ የቀላው ጉንጭ፣ በትንሹ ሲነካ የሚበልዝ ክንድ። ምቾት ያልኩት የክኒኑ ምልክት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጬ፣ ያንን ፊት እያየሁ፣ ተመችቶዎታል እላለሁ። ሐኪሙን በምን አፌ ልውቀስ? አፈርኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው አለቀሱ፤ አስካለም አለቀሰች፤ እኔ ግን ንዴቴ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። እኚህ ሴት ድንጋይ አስቀምጠው ወረፋ የሚይዙለት ሐኪም ስላጡ ገበያ ሄዱ። ሌላ ምን ያድርጉ?

ረቡዕ

አስካለ ክኒኑን አቆመች። ሦስት ፍሬ ብቻ ስለወሰደች ማቆሟ እንደማይጎዳት አውቃለሁ። እትዬ ብዙነሽ ግን እኔም ልጣለው ብለው ሲነሡ እጃቸውን ያዝኩ፤ ለዓመታት የቆየበት ሰው በአንድ ቀን ካቆመ ሊወድቅ ይችላል። «ሐኪም ቀስ በቀስ ያውርድልዎ» አልኳቸው። «የትኛው ሐኪም?» አሉኝ። እሱን ፍለጋ ወጣሁ።

ሐኪም ቤት ደጃፍ ሽማግሌው ቁጥር እንደሌለ በምርኩዛቸው አሳዩኝ። ዶክተሩ ነገ ከሰዓት በኋላ ይበራል። ሁሴን የት ነው ስል የጽዳት ሠራተኛዋ፣ «እንግዳውን ይዞ የየመኖቹ ዓሣ ቤት ሄዷል» አለችኝ። ባሕሩን መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው፤ በስተግራዬ ሰማያዊ ነገር አለፈ።

ዓሣ ቤቱ ትልቅ ምድጃ ነው፤ ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እሳት ጉድጓድ ውስጥ ይሰቅሉታል፣ ዳቦውንም እንደዚያው። ዶክተሩና ሁሴን እስከ አንጓቸው በበርበሬ ተነክረው ይበላሉ። ሹካ የለም። ሳልጋበዝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሁሴን፣ የምለውን ሁሉ ንገረው። አታሳምርልኝ።»

ሁሴን ዓሣውን ዋጠ።

«እህቴ ከትናንት ወዲያ የገበያ ኮርቲዞን ስለወሰደች ነው እጇ ያላበጠው። ነገ ያብጣል፤ ይዩት በለው።»

ዶክተሩ ሰማና ራሱን ነቀነቀ። ነገ ያሉት በሽተኞች ከበቂ በላይ ናቸው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ትያዝ አለ።

«በሚቀጥለው ዓመት እጇ እንደ ቅርንጫፍ ይጣመማል። ዶክተር፣ እርስዎ የሚመጡት በዓመት አንድ ሳምንት ነው። የቀረውን ሳምንት ሁሉ ማን ነው የሚያየን? ገበያ ያለችው ክኒን ናት! ብቻዎን ሁሉን ማየት ካልቻሉ፣ ለእኔና ለሁሴን እንዴት እንደሚታይ ያሳዩን።»

ሁሴን ሲተረጉም ድምፁ ከእኔ በላይ ከፍ አለ፤ ከራሱ የጨመረበትም ይመስለኛል። ዶክተሩ ፊቱ ተቀየረ። ይህ ሙያ የብዙ ዓመት ትምህርት ነው፣ በአንድ ጠዋት ለነርስ የሚሰጥ አይደለም አለ።

«ዓመታቱን እርስዎ ይዘዋቸው ይሄዳሉ፤ እኛ አንድ ጠዋት ነው የለመንነው። ልዩ ሐኪም ያድርጉን አላልንም። ማንን ወደ እርስዎ እንደምንልክ፣ ማንን ብርድ ነው ብለን እንደማንመልስ ያሳዩን።»

ዶክተሩ ዳቦውን ሊቆርስ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ተወው። እጁን ለረጅም ጊዜ ያየው መሰለኝ። ከዚያ አጠር አድርጎ ተናገረ። ሁሴን ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም፤ «ነገ በአንድ ሰዓት፣ በሽተኛ ሳይገባ። ክኒን አትዋጥ፣ ሽቶም አያስፈልግም ይላል» አለኝ። የዓሣ ቤቱ ባለቤት፣ የመናዊው፣ ጭቅጭቃችንን ሰምቶ ኖሮ፣ የተጠቀለለ ትልቅ ዓሣ አስታቀፈኝ። ቋንቋው አልገባኝም፤ ወገንነቱ ግን ገባኝ።

ሐሙስ

አስካለ ስትነሣ እጇ ተጨብጦ ነበር፤ አንጓዎቿ ቀልተው አብጠዋል። ባየሁት ጊዜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እህቱ በመታመሟ ደስ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እትዬ ብዙነሽ ቀሚሷን ቆለፉላት፤ በእጃቸው ደግሞ የክኒኗን ወረቀት ይዘው፣ «እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ሁሴን፣ የሐኪም ቤቱ ሁለት ነርሶችና እኔ ቆመናል። ዶክተሩ አስካለን ፊቱ አስቀምጦ እንደ ማክሰኞው ጠየቀ። «ኮማን ሳ ቫ፣ ማዳም?»

ሁሴን ተረጎመ። አስካለ ብድግ ልትል ወንበሩን ተደገፈች፤ እጇ አልያዘላትም። አፏ ከልማዱ ተከፈተ። «እግዚአብሔር ይመ—»

ንግግሯን አቋረጠች። አየችኝ። እኔም አየኋት።

«ያመኛል» አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ያመኛል፣ ዶክተር። ጠዋት ቁልፌን ሰው ነው የሚቆልፍልኝ። መቀስ ከያዝኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ማሽኔን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ። አንድም ሥራ የለኝም። ያመኛል።»

ሁሴን ተረጎመ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ የእኔን አውራ ጣት ያዘና የእህቴ አንጓ ላይ አኖረው።

«ተጫኚ» አለኝ በሁሴን አፍ። «የራስሽ ጥፍር ነጭ እስኪሆን። ከዚያ አትለፊ፣ ከዚያም አታሳንሺ።»

ሁሉንም እንዲሁ አሳየን፤ የጣት አንጓ፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ጉልበት፤ ሃያ ስምንት ቦታ። አጥንት ይጠነክራል፤ ያበጠ መገጣጠሚያ ግን ከጣት ሥር ይለመጣል። እጅን በጎን ጠቅ አድርጎ መጨበጥ፤ የሚያም ከሆነ ልብ ማለት። ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚፈታልሽ ብሎ መጠየቅ። አንዷ ነርስ ስትጫን እጇ ፈራ፤ አስካለ ራሷ፣ «ጨምሪ፣ አላለቅስም። እዚህ ያመኛል። እዚህ አያምም። እዚህ በጣም» እያለች አስተማረቻት። ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለማያውቋት ሴቶች አስነካች። ኮራሁባት።

ከዚያ እትዬ ብዙነሽ እጃቸውን ከእህቴ እጅ ጎን አኖሩ። በሩ ላይ ቁጥር የያዙት ያንኳኳሉ፤ ዶክተሩ «አንድ በአንድ አስገቧቸው፤ መጀመሪያ እናንተ ንኩ፣ እኔ አጠገባችሁ ነኝ» አለ። እስከ ቀትር እንደዚያ ዋለ።

ለአስካለ ደሟ ተመርምሮ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘላት። በየቀኑ ከተወሰደ እንደሚገድል ሦስት ጊዜ ነገረን። ቀኑን ሐሙስ አልነው። ደሟን እኔ በየጊዜው ላስመረምር፣ ውጤቱን ለሁሴን ልልክ፣ ሁሴን የቸገረውን ለዶክተሩ ሊጽፍ ተስማማን። ለእትዬ ብዙነሽ ክኒናቸውን ቀስ በቀስ የሚያወርዱበትን ሁሴን ጻፈላቸው። ዶክተሩ ሲሄድ እኔን ጨብጦ የሆነ ነገር አለኝ። «ዓሣዬን አቀዘቀዝሽብኝ ነው የሚለው» አለ ሁሴን።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ከተማው ለጁምዓ ተዘጋ። ሁለተኛ ጊዜ ባሕሩን ያየሁት ቅዳሜ፣ ወደ ባቡሩ ስንሮጥ ነው። የቲማቲሟን ሴትዮ ጣቢያው ላይ አገኘናት፤ አሁን ቲማቲሟን ሸጣ ልብስ ተሸክማለች። ሽርጧን ስንመልስላት አልቀበልም አለች። አስካለ ደረጃው ሥር ደረሰች፤ ቦርሳዋን አልከፈተችም። ዞር ብላ፣ «እባካችሁ አንሡኝ፣ እጄ አይጨብጥም» አለች፤ ጮክ ብላ። አራት ሰው ተረባረበ።

መድኃኒቱ ፈጥኖ አልሠራም፤ ወራት ጠየቀ። ዛሬ መቀሱን ይዛለች። ሁለት ጣቶቿ እንደ ጎበጡ ቀርተዋል፤ ቀድመን ብንደርስ ይድኑ ነበር፤ ይህን ለማንም ይቅር አልልም፤ ለራሴም ጭምር።

ጤና ጣቢያችን ውስጥ ሐሙስ ጠዋት አንድ አግዳሚ አስቀምጫለሁ። ከላይ ያሉት «ለዚህ ባለሙያ የለንም፤ በማን ፈቃድ ነው?» ብለው ጽፈውልኛል። ደብዳቤውን አጥፌ አንዱ እግሩ አጭር ከሆነው አግዳሚ ሥር አስገብቼዋለሁ፤ አሁን አይነቃነቅም። እጃቸውን በነጠላ ሸፍነው ይመጣሉ፤ ብርድ ነው የተባሉ፣ ሪህ ነው የተባሉ፣ የገበያ ክኒን የያዙ። አስካለ ሐሙስ ማሽኗን ዘግታ ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች።

«እንዴት ነሽ?» እላለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች የመጣችው።

አስካለም የጎበጡ ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ «ተመስገኑ ስትወጪ ይደርሳል፤ አሁን እጅሽን አምጪ» ትላታለች።